ማን ይለፍ? ማንስ ይጠብቅ? የተንቀሳቃሽ ድልድዮች ታሪክ ከባግዳድ እስከ ስዊዝ



ስለ እስልምና ሥልጣኔ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መስጂዶች፣ ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ሐኪሞች እናወራለን። ዛሬ ሰው ረግጦት አልፎ ስለሚረሳው ነገር እናውራ፤ ስለ ድልድይ። ያውም ባለበት ቆሞ ስለሚኖረው ሳይሆን ስለሚከፈተው፣ ስለሚነሳውና ስለሚዞረው ድልድይ።

ነገሩ ከአንድ ቀላል ችግር ይነሳል። በወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሰፈር አለ። ሰዉ መሻገር ይፈልጋልና ድልድይ ይሠራል። በዚያው ወንዝ ላይ ግን እህልና እንጨት ጭኖ የሚመጣ ባለ መርከብ አለ። ድልድዩ ዝቅ ካለ መርከቡ ማለፍ አይችልም። በጣም ከፍ እንዲል ከተፈለገ ደግሞ ወጪው ይከብዳል፣ ለእግረኛውም ዳገት ይሆንበታል። እግረኛውም መንገደኛ ነው፤ መርከበኛውም መንገደኛ ነው። ታዲያ ማን ይለፍ? ማንስ ይጠብቅ?

በዲናችን የመንገድ ጉዳይ ተራ ጉዳይ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦቻቸው መንገድ ዳር መቀመጥን መተው እንደማይችሉ በነገሯቸው ጊዜ፣ እንግዲያውስ ለመንገዱ ሐቁን ስጡት ብለው አስተምረዋል። ከሐቆቹም አንዱ አላፊ አግዳሚውን ከማስቸገር መቆጠብ ነው። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማንሳትም ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን በሶሒሕ ሐዲስ እናውቃለን። ቁርኣን ደግሞ ሰዎችን የሚጠቅም ነገር ይዘው በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ መርከቦችን ከአላህ ታላላቅ ምልክቶች መካከል ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ የየብሱም መንገድ ሐቅ አለው፤ የውኃውም መንገድ ሐቅ አለው። ተንቀሳቃሽ ድልድይ ማለት እነዚህ ሁለት ሐቆች አንድ ቦታ ላይ ሲጋጩ ሰው የፈጠረው መፍትሔ ነው።

እኛ አገር ይህን ዓይነት ድልድይ የማናየው አብዛኞቹ ወንዞቻችን በገደል ውስጥ የሚጣደፉና ለመርከብ የማይመቹ ስለሆኑ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሱዳን እስከ ጋምቤላ የእንፋሎት መርከብ ይመላለስበት የነበረው ባሮ የተለየ ነው። መርከብ በሌለበት ደግሞ ድልድይ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት የለም። እንግዲህ ወንዙና መርከቡ ወዳለበት አብረን እንጓዝ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ባግዳድ፦ በጀልባ ላይ የተዘረጋ መንገድ

ኸሊፋ አል-መንሱር በ762 ባግዳድን ሲመሠርቱ ክቧ ከተማ ከጤግሮስ ወንዝ በስተ ምዕራብ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ በምሥራቁ ዳርቻ ሩሳፋ የተባለው ሰፈር አደገ። ከተማዋ በወንዝ ለሁለት ተከፈለች ማለት ነው። ጤግሮስ ሰፊ ነው፤ በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት ደግሞ በኃይል ይሞላል። በድንጋይ ምሰሶ ላይ ቋሚ ድልድይ ማቆም ቀላል አልነበረም።

የባግዳድ ሰዎች የተጠቀሙት በጀልባ ድልድይ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀልባዎች ከዳር እስከ ዳር ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በሰንሰለት ይያያዛሉ። ሰንሰለቱ በሁለቱም ዳርቻ መሬት ውስጥ ከተተከለ ወፍራም ግንድ ጋር ይታሰራል። በጀልባዎቹ ላይ ሳንቃ ይነጠፋል፤ ሰውና እንስሳ በላዩ ይሻገራል። ውኃው ሲሞላ ድልድዩ አብሮ ከፍ ይላል፤ ሲጎድል አብሮ ዝቅ ይላል። መክፈት ካስፈለገ ከመካከል ጥቂት ጀልባዎችን ፈትቶ ወደ ጎን መሳብ ይቻላል። መርከቡ ካለፈ በኋላ መልሶ ማሰር ነው።

በዘመኑ የዐረብኛ አጻጻፍ በአብዛኛው በድንጋይ ቅስት የተሠራው «ቀንጠራ»፣ በጀልባ ላይ የተዘረጋው ደግሞ «ጂስር» ይባል ነበር። አንዳሉሳዊው መንገደኛ ኢብኑ ጁበይር በ1184 ኢራቅ ሲደርስ ሒላ በተባለችው ከተማ ኤፍራጥስ ላይ እንዲህ ያለ ድልድይ አይቷል። ባግዳድ ሲገባ ግን ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ሰዉ በጀልባ ሲሻገር ነው ያገኘው። በ1327 ባግዳድን የጎበኘው ኢብኑ በጡጣ ደግሞ በሒላው ዓይነት የተሠሩ ሁለት ድልድዮችን አግኝቷል፤ ሕዝቡ ሌትና ቀን ይመላለስባቸው እንደነበርም ጽፏል።

እዚህ ላይ ሐቁን እንናገር። የጀልባ ድልድይን ሙስሊሞች አልፈለሰፉትም። የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ በ480 ቅድመ ልደት ሠራዊቱን ወደ ግሪክ ያሻገረው በጀልባ ድልድይ ነበር። ታሪካችን የሚያኮራን ሁሉንም ነገር እኛ ፈጠርነው ስንል አይደለም። ያገኙትን ጥበብ ወስደው ለሚሊዮኖች አገልግሎት ማዋላቸውና በሥርዓት ማስተዳደራቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሥርዓት ስንል ለምሳሌ በ1058 ባግዳድ ውስጥ የሞቱት የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም አል-ማወርዲ ስለ አስተዳደር በጻፉት ኪታብ የሙህተሲብን ሥራ ሲዘረዝሩ፣ ባለ መርከቦች ከአቅም በላይ እንዳይጭኑና ነፋስ ሲበረታ እንዳይነሱ መከልከልን አካተዋል። ገበያውን የሚቆጣጠረው ሰው የውኃ መንገዱንም ይቆጣጠር ነበር።

2. ቁስጠንጢንያ፦ የሚዘጋው ሰንሰለትና የበርሜሉ ድልድይ

አሁን ወደ ሰሜን ምዕራብ እንለፍ። ኢስታንቡልን የሚከፍለው ወንዝ ሳይሆን የባሕር ክንድ ነው። አውሮፓውያን ወርቃማው ቀንድ ይሉታል። ቱርኮች «ኸሊጅ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ወስደው ሐሊች ይሉታል። በስተ ደቡብ አሮጌዋ ከተማ፣ በስተ ሰሜን ገላታ አለች።

ቢዛንታይኖች የዚህን ባሕር አፍ በትልቅ የብረት ሰንሰለት ይዘጉት ነበር። የጠላት መርከብ ሲመጣ ሰንሰለቱ ይወጠራል፤ ወዳጅ ሲመጣ ይላላል። በ1453 የ21 ዓመቱ ሱልጣን ሙሐመድ አል-ፋቲሕ መርከቦቻቸውን በየብስ ላይ አስጎትተው ከሰንሰለቱ በስተ ጀርባ እንዳወረዷቸው ሁላችንም ሰምተናል። ብዙ ሰው ያልሰማው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የሱልጣኑ ጦር በሐሊች ላይ ከበርሜሎች ተንሳፋፊ ድልድይ ሠራ። በርሜሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ታስረው በላያቸው ሳንቃ ተነጠፈ። በገላታ በኩል ያለው ጦርና ከተማዋን የከበበው ጦር በአጭር መንገድ ተገናኙ። ከተማዋም በግንቦት 29፣ 1453 ተከፈተች።

የሚገርመው ከፈትሑ በኋላ የሆነው ነው። ኢስታንቡል የዓለም ታላቅ ከተማ ሆና ሳለ ሐሊች ላይ ለ383 ዓመታት ቋሚ ድልድይ አልነበራትም። ሕዝቡ በትናንሽ ቀዛፊ ጀልባዎች ይሻገር ነበር። አንዱ ችግር ግልጽ ነው። የኦቶማን ባሕር ኃይል የመርከብ መሥሪያ ያለው በሐሊች ውስጠኛ ክፍል ነበር። በአፉ ላይ የማይከፈት ዝቅተኛ ድልድይ መሥራት ማለት የራስን ባሕር ኃይል ማሰር ማለት ነው።

ችግሩን ለመፍታት የሞከረ አንድ ታዋቂ ሰው ነበር። ጣሊያናዊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1502 ገደማ ለሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ 240 ሜትር ገደማ በአንድ ቅስት የሚሻገር የድንጋይ ድልድይ ንድፍ አቀረበ። መርከቦች በቅስቱ ሥር ሸራቸውን እንደዘረጉ እንዲያልፉ ታስቦ ነበር። የደብዳቤው የቱርክኛ ትርጉም በ1952 በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት መዝገብ ቤት ተገኝቷል። በ2019 የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ ተመራማሪዎች ትንሽ ሞዴል ሠርተው ሲፈትኑት ንድፉ ሊቆም የሚችል መሆኑን አሳይተዋል። በዘመኑ ግን አልተሠራም።

3. ኸይራቲዬ፦ ስሙ ራሱ ሰደቃ የሆነ ድልድይ

በ1836 ሱልጣን ማሕሙድ ሁለተኛ ሐሊች ላይ ከአዛፕካፒ እስከ ኡንካፓኒ ተንሳፋፊ ድልድይ አሠሩ። የሠሩት የባሕር ኃይሉ ባለሙያዎች ናቸው። በምረቃው ዕለት ሱልጣኑ ራሳቸው በፈረስ ተሻገሩበት። ስሙን «ኸይራቲዬ» አሉት፤ ከ«ኸይራት» የመጣ ነው። ለመሻገር ገንዘብ አይጠየቅበትም ነበር። ድልድዩን የሠሩት ሰዎች እንደ ውኃ ጉድጓድና እንደ መንገደኛ ማረፊያ ለአላህ ተብሎ የሚሰጥ ነገር አድርገው አይተውታል ማለት ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1845 ሁለተኛ ድልድይ ወደ ባሕሩ አፍ ቀረብ ብሎ፣ በኤሚንኦኑና በካራኮይ መካከል ተሠራ። ያሠሩት የሱልጣን ዓብዱልመጂድ እናት በዝሚ ዓለም ወሊደ ሱልጣን ናቸው። እኚህ ሴት ለድሆች የተሰኘውን የ«ጉረባ» ሆስፒታል በወቅፍ ያቋቋሙ፣ በዶልማባሕቼ የሚታየውን መስጂድም ያስጀመሩ ናቸው። ድልድዩ ከእንጨት ነበር። ዛሬ ዓለም «የገላታ ድልድይ» የሚለው የዚህ ተተኪ ነው።

ይኸኛው ድልድይ ግን በነጻ አልቀጠለም። ከምረቃው ሦስት ቀን በኋላ የመሻገሪያ ክፍያ ተጣለበት። እግረኛ 5 ፓራ፣ ሸክም የያዘ ሐማል 10 ፓራ፣ የፈረስ ጋሪ 100 ፓራ ይከፍል ነበር። ወታደሮችና እሳት ለማጥፋት የሚሮጡ ሰዎች አይከፍሉም። ነጭ ልብስ የለበሱ ገንዘብ ተቀባዮች በሁለቱም ጫፍ ይቆሙ ነበር። ክፍያው እስከ 1930 ቆየ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በእንጨት የተሠራ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ድልድይ በየጊዜው ጥገና ይፈልጋል፤ ጠባቂና ሠራተኛም ይፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከወቅፍ፣ ከመንግሥት ወይስ ከተሻጋሪው ኪስ? ሸክም የተሸከመው ሐማል ባዶ እጁን ከሚሄደው ሁለት እጥፍ ሲከፍል ፍትሑ የት ላይ ነው? ጥያቄው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ አይደለም። መስጂድም ሆነ መድረሳ ስንሠራ ለግንባታው እንሯሯጥና ለጥገናው ምንም ሳናስቀምጥ እንቀራለን። ዓሊሞቻችን በወቅፍ ጉዳይ ከገቢው አስቀድሞ የወቅፉን ንብረት መጠገን የሚያስቀድሙት በምክንያት ነው። ያልተጠገነ ሰደቀቱል ጃሪያ ጅረቱ ይቆማል።

4. ተንሳፋፊው ድልድይ እንዴት ይከፈት ነበር? ምንስ አጠፋ?

በ1863 ሌላ የእንጨት ድልድይ የመጀመሪያውን ተካ። በ1875 በእንግሊዝ ድርጅት የተሠራ፣ በ24 ተንሳፋፊ የብረት ታንኳዎች ላይ የተቀመጠ 480 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ተተካ። በ1912 ደግሞ የጀርመኑ ማን ኩባንያ 466 ሜትር ርዝመትና 25 ሜትር ስፋት ያለውን አራተኛውን ድልድይ አቆመ። በታንኳና በመርከብ ሙያ ዓለምን ያስደነቀ መንግሥት የራሱን ድልድይ ከውጭ ድርጅት የሚገዛበት ደረጃ ላይ መድረሱ ራሱ የዘመኑን ታሪክ ይነግረናል።

አሠራሩ ከባግዳዱ ጂስር ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ጀልባው በአየር የተሞላ ትልቅ የብረት ሣጥን መሆኑ ነው። የድልድዩ መካከለኛ ክፍል በራሱ ታንኳዎች ላይ ለብቻው ተንሳፎ ይቀመጣል። መክፈቻው ሰዓት ሲደርስ ከግራና ከቀኝ ተላቆ ወደ ጎን ይወሰዳል። መርከቦች ያልፋሉ፤ ከዚያ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ነበር። ይህ ሽምግልና ነው፤ ቀኑ ለእግረኛ፣ የሌሊቱ መጨረሻ ለመርከብ።

የተንሳፋፊ ድልድይ ሌላው ጥቅም ራሱ ተነስቶ መሄድ መቻሉ ነው። በ1912 አዲሱ ሲመጣ የ1875ቱ አልፈረሰም። ተጎትቶ ወደ ኡንካፓኒ ሄደና እስከ 1936 ድረስ እዚያ አገለገለ፤ የሰበረው ማዕበል ነው። የ1912ቱም በግንቦት 1992 በእሳት ከተጎዳ በኋላ ወደ ሐሊች ውስጠኛ ክፍል ተወስዷል።

ጉዳቱስ? የብረት ሣጥኖቹ ተደርድረው ሲቀመጡ ውኃው እንደ ልቡ መመላለስ አልቻለም። የከተማውና የፋብሪካው ቆሻሻ ወደ ሐሊች ይገባ ነበር፤ ውኃው ባለመታጠቡ ደግሞ ብክለቱ ተባባሰ። በእግረኛውና በመርከበኛው መካከል ሲሸመገል ሦስተኛው ባለ ሐቅ ተረስቷል ማለት ነው። እሱም ውኃው ራሱና በውስጡ ያለው ፍጥረት ነው። ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት የሚለው የፊቅህ መርሕ ሥራችን የሚነካውን ሁሉ እንድንቆጥር ያስገድደናል፤ መናገር የማይችለውንም ጭምር።

5. ክንፉን የሚያነሳው፦ የኬላው ሚስጥር

የአሁኑ የገላታ ድልድይ የተጠናቀቀው በ1994 ሲሆን የሠራው የቱርኩ የግንባታ ድርጅት ኤስቲኤፍኤ ነው። ርዝመቱ 490 ሜትር ነው። በታንኳ ላይ ሳይሆን ወደ ባሕሩ ወለል በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ስለቆመ ውኃው በመካከሉ ያልፋል። መካከለኛው 80 ሜትር የሚሆነው ክፍል እንደ ሁለት ክንፍ ወደ ላይ ይነሳል። ይህ ዓይነቱ «ባስኩል» ይባላል።

ባስኩል እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ከከተማ ስንወጣ ያለውን ኬላ ማሰብ ይበቃል። ረጅሙ ብረት መንገዱን ይዘጋል። ከምሰሶው ወዲህ ባለችው አጭር ጫፍ ላይ ደግሞ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ የሞላ ጣሳ ታስሯል። ጠባቂው በአንድ እጁ ሲነካው ረጅሙ ብረት ተነስቶ ይቆማል። ሚስጥሩ ጉልበት ሳይሆን ሚዛን ነው። አጭሩ ጫፍ ስለከበደ ረጅሙን ጫፍ ይሸከምለታል። ባስኩል ድልድይም እንዲሁ ነው። የሚነሳው ክንፍ ከበስተ ኋላው ከባድ ሚዛን ጠባቂ አለው። ክንፉ ወደ ላይ ሲነሳ ሚዛን ጠባቂው ወደ ታች ይወርዳል። ሞተሩ የድልድዩን ክብደት አያነሳም፤ የሚታገለው ከሰበቃና ከነፋስ ጋር ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነት ድልድይ በዓለም ከሁሉ የታወቀው በ1894 የተመረቀው የለንደኑ ታወር ድልድይ ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ከ1000 ቶን በላይ ይመዝናል። መጀመሪያ በእንፋሎት ኃይል በተገፋ ውኃ ይነሳ ነበር፤ ከ1976 ወዲህ በኤሌክትሪክና በዘይት ግፊት ይሠራል። እዚያ ቅድሚያው ለመርከብ ነው። አስቀድሞ ያስመዘገበ መርከብ ሲደርስ የለንደን መኪና ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

የአገራችን ውኃ የሚያልፍበትም አለ። ከጣና ተነስቶ ሱዳን የሚገባው ዓባይ ኻርቱም ላይ የሚያገኘው በ1909 የተጠናቀቀው የባቡርና የመንገድ ድልድይ አንደኛው ክፍሉ ለእንፋሎት መርከቦች እንዲነሳ ሆኖ የተሠራ ነው። በ1926 በነጭ ዓባይ ላይ የተከፈተው የኡምዱርማን ድልድይ ደግሞ የሚዞር ክፍል ነበረው። በዘመኑ በዓባይ ላይ መርከብ ምን ያህል ቦታ እንደነበረው ከዚህ እንረዳለን።

6. እንደ ሊፍት የሚነሳው፦ ፓሌምባንግ

ወደ ኢንዶኔዥያ እንሻገር። በሱማትራ ደሴት በምትገኘው ፓሌምባንግ ከተማ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠራው ታላቁ መስጂድ አቅራቢያ፣ ሙሲ ወንዝ ላይ የአምፔራ ድልድይ ቆሟል። የተሠራው ከ1962 እስከ 1965 ሲሆን ወጪው የተሸፈነው ጃፓን ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት በከፈለችው ካሳ ነው። ስሙ የሕዝብ ስቃይ አደራ የሚል ትርጉም ካላቸው ቃላት ያጠረ ነው።

ይህ ድልድይ ክንፍ አያነሳም። ሁለት ቀይ ማማዎች አሉት። በማማዎቹ መካከል ያለው 72 ሜትር ገደማ ርዝመትና 944 ቶን ክብደት ያለው ወለል እንዳለ፣ አግድም እንደሆነ፣ ወደ ላይ ይነሳ ነበር። የፎቅ ሊፍት በሚሠራበት መንገድ ማለት ነው። ገመዱ በማማው አናት ባለው መዘውር ላይ ዞሮ በሌላው ጫፉ ከባድ ሚዛን ጠባቂ ያንጠለጥላል። ወለሉ ሲወጣ ሚዛኑ ይወርዳል። ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ከ44 ሜትር በላይ ቁመት ያለው መርከብ ያልፍ ነበር።

ችግሩ ጊዜው ነው። ወለሉ በደቂቃ 10 ሜትር እየተንቀሳቀሰ አንዴ ለመክፈት ወደ 30 ደቂቃ ይወስድ ነበር። ከተማዋ አደገች፣ መኪናው በዛ፣ ሰዉ መጠበቅ አቃተው። በ1970 ድልድዩ መነሳቱን አቆመ። በ1990 ሚዛን ጠባቂዎቹ በመኪኖች ላይ እንዳይወድቁ ተብሎ ተነሱ። ዛሬ ድልድዩ ውብ ነው፤ ማታ በመብራት ያሸበርቃል። ግን አይንቀሳቀስም። በእግረኛና በመርከብ መካከል የነበረው ሽምግልና በአንደኛው ወገን አሸናፊነት ተዘጋ።

7. የሚዞረው በር፦ ስዊዝ

የመጨረሻው ዓይነት ዟሪ ድልድይ ነው። ይህ እንደ ግቢ በር ነው። ወደ ላይ አይነሳም፤ በአንድ ምሰሶ ላይ አግድም ዞሮ ለመርከቡ መንገድ ይለቃል። የዓለም ረጅሙ ዟሪ ድልድይ የሚገኘው ግብፅ ውስጥ፣ ኢስማዒሊያ አቅራቢያ፣ ስዊዝ ቦይ ላይ ነው። ስሙ አል-ፊርዳን ይባላል።

ቦታው ብዙ አይቷል። በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የባቡር ድልድይ ተሠራበት፤ ለመርከቦች እንቅፋት ነው ተብሎ ከጦርነቱ በኋላ ተነሳ። በ1942 ሌላ ተሠራ፤ መርከብ ገጭቶት በ1947 ተነሳ። በ1954 ባለ ሁለት ክንድ ዟሪ ድልድይ ተሠራ፤ በ1956 ጦርነት የባቡሩ መስመር ተቋረጠ። በ1963 ሌላ ተተካ፤ በ1967 ጦርነት ወደመ። የአሁኑ በ2001 ተጠናቀቀ።

ጠቅላላ ርዝመቱ 640 ሜትር ነው። ሁለት ግማሽ አለው። እያንዳንዱ ግማሽ በቦዩ ዳር ባለ ምሰሶ ላይ ተቀምጧል። 170 ሜትሩ ወደ ቦዩ፣ 150 ሜትሩ ወደ ኋላ ይዘልቃል፤ የኋላው ክንድ የፊቱን ያመዛዝናል። ሁለቱ የፊት ክንዶች ሲገናኙ 340 ሜትር ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ከቦዩ ዳር ጋር ትይዩ ሆነው ይቆማሉ፤ መርከቡ እንደ ልቡ ያልፋል። ባቡር ሲመጣ ብቻ ዞረው ይገጥማሉ። የፓሌምባንግ ተቃራኒ ነው፤ እዚህ የሚጠብቀው የየብሱ መንገደኛ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት መጋቢት 2021ን ማስታወስ ይበቃል። አንድ መርከብ ቦዩን ለስድስት ቀናት ሲዘጋው የዓለም ገበያ ተናወጠ። ከአውሮፓ ወደ ጅቡቲ መጥቶ አገራችን የሚገባው ዕቃም የሚያልፈው በዚሁ ቦይ ነው። ሆኖም ሌላ ነገር ሆነ። በ2015 ከአሮጌው ቦይ ጎን አዲስ ቦይ ሲቆፈር በአዲሱ ላይ የባቡር ድልድይ አብሮ አልተሠራም። ስለዚህ የዓለም ረጅሙ ዟሪ ድልድይ ወደ ሲና የሚያደርሰው መንገድ ተቋርጦበት ለዓመታት ያለ ባቡር ቆመ። የተሻለ መንገድ ለአንዱ ሲከፈት ሌላው እንዳይዘጋበት አብሮ ማሰብ እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አራቱን ዓይነቶች አየን፦ ተንሳፋፊው፣ ክንፍ አንሺው፣ እንደ ሊፍት ተነሺውና ዟሪው። ቴክኒኩ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው። አንድ መንገድ ላይ ሁለት ባለ ሐቆች ሲገናኙ ማን ይጠብቅ? ለንደን ለመርከቡ ቅድሚያ ሰጠች። ፓሌምባንግ ለመኪናው ሰጠች። ኢስታንቡል ሰዓት ተካፈለች። ከሦስቱ ለፍትሕ የቀረበችው ተካፋይዋ ትመስለናለች፤ ሆኖም እሷም ውኃውን እስክታስታውስ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባታል።

ሁለተኛ፣ ባስኩሉም ሊፍቱም ያስተማሩን ትልቅን ነገር የሚያነሳው ሚዛን መሆኑን ነው። ሚዛን ጠባቂው ክብደት አይታይም፤ ከመንገዱ በታች ወይም ከማማው ጀርባ ተሰውሯል። ሁሉም ፎቶ የሚያነሳው የሚነሳውን ክንፍ ነው። በጀመዓችንም ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። መስጂድ የሚያጸዱ፣ ሒሳብ የሚይዙ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክሉ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ የሚነሳ ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ ለምትማሩ ወጣቶች። የኸይራቲዬን ድልድይ የሠሩት የራሳቸው የባሕር ኃይል ባለሙያዎች ናቸው። ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሥራው ለእንግሊዝ፣ ከዚያም ለጀርመን ተሰጠ። በ1994 ደግሞ በቱርክ ድርጅት እጅ ተመለሰ። ዕውቀት ይሄዳል፤ ዕውቀት ይመለሳልም። የሚመለሰው ግን በሚማረው ሰው ነው። ኢንጂነሪንግ እያጠናችሁ ያላችሁ እህትና ወንድሞች፣ ኒያችሁን አስተካክሉ። ሰው በሰላም የሚሻገርበትን ነገር መሥራት፣ ለአላህ ተብሎ ከተሠራ፣ ኸይር ሥራ ነው። የኸይራቲዬ ስም የነገረንም ይህንኑ ነው።

የምናልፍበትን መንገድ ሁሉ ሐቁን የምንሰጥ፣ ቅድሚያ የሚገባውን የምናስቀድም፣ ተራችን እስኪደርስ የምንታገስ ያድርገን። አሚን!

ጽሑፉ ጠቅሞናል ካላችሁ ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉ። ባየነው ድልድይ ላይ የምትጨምሩት ካለ በኮሜንት አካፍሉን። ኢንሻአሏህ በሌላ ታሪክ እንገናኛለን።

ወሏሁ አዕለም።